ራስ አት-ቲን፦ የአንድ ባሕር ዳር ሰፈር ስምና ታሪኩ

 

 

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ራሳችን መስጊድ እጽፋለሁ ብሎ እንደጠበቀ አልጠፋኝም። እኔ ግን ከእኛ ብዙ ርቆ፣ በግብጽ አገር፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ስለሚገኝ ሰፈር ልጽፍ ተነሣሁ። ሰፈሩ ራስ አት-ቲን ይባላል። ለምን እንደመረጥኩት በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ነገሩ ከእኛው ደጃፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። ሂጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በልጅነቴ ሁለት ትምህርት ቤት ነበረኝ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ መድረሳ እቀራለሁ፤ ከዚያ ደብተሬን ይዤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። በመድረሳው ኡስታዛችን ቡርዳን ሲያስቀሩን፣ የግጥሙ ባለቤት ኢማም አል-ቡሲሪ በእስክንድርያ በስማቸው የሚጠራ መስጊድ እንዳላቸው ነገሩን። ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ደግሞ የታሪክ መምህራችን የጥንቱን ዓለም ሰባት ድንቆች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲዘረዝሩ፣ ከእነዚያ አንዱ የእስክንድርያው የመብራት ግንብ መሆኑን ጻፉልን። ሁለቱን ትምህርት በሁለት የተለያየ ደብተር ላይ ጻፍኳቸው። የኢማሙ መስጊድና የመብራቱ ግንብ ቦታ በአንድ የመሬት ጫፍ ላይ፣ በእግር በሚያስኬድ ርቀት የሚገኙ መሆናቸውን ያወቅሁት ግን ጎልምሼ፣ መጻሕፍትን ካመሳከርኩ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ሁለት ደብተሮች መገናኛ ነው ማለት ይቻላል።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ራስ አት-ቲን ማለት «የበለስ ራስ» ማለት ነው። ዐረቦች ራስ የሚሉት እንደ እኛው የሰውነትን ራስ ሲሆን፣ ወደ ባሕር ዘልቆ የገባውን የምድር ጫፍም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለሥራ የሄዱበት የባሕረ ሰላጤው ራስ አል-ኸይማ «የድንኳን ራስ» ማለት ነው። በቤሩት ከተማም ወደ ባሕሩ የወጣው ሰፈር ራስ ቤሩት ይባላል። ዐረብኛና አማርኛ ከአንድ የሴም ቋንቋ ግንድ ስለ በቀሉ ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ደገኞች ባሕር ባይኖረን ለተራራ ሰጠነው፤ ራስ ዳሸን አልን። እነሱ ለባሕሩ ጫፍ ሰጡት። ለሹማምንት ማዕረግ ያደረግነውም ይህንኑ ቃል ነው።

ቲን የሚለው ደግሞ በቁርኣን 95ኛው ሱራ የተሰየመበት ፍሬ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በዚህ ሱራ መጀመሪያ ላይ በበለስና በወይራ መማሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሰሜን አገራችን በለስ የምንለው እሾሃሙ ቁልቋል ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነውና ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ። የቁርኣኑ በለስ ዛፍ ነው፤ የእኛ ሾላና ዋርካ የቅርብ ዘመዱ ናቸው። በእስክንድርያው የምድር ጫፍ ላይ የበለስ ዛፎች ይበቅሉ ስለነበር ቦታው በእነሱ ስም ተጠራ። ነገሩ ይኸው ነው። ንጉሥ አላወጀውም፤ የበለሱ ፍሬ ያበላውና ጥላው ያሳረፈው ሰው በአፉ አወጣለት።

ደሴት የነበረው ሰፈር

ዛሬ ራስ አት-ቲን የከተማው አካል ነው። በጥንት ዘመን ግን ከየብስ የተለየ ደሴት ነበረ፤ ፋሮስ ይባል ነበር። ታላቁ እስክንድር በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማዪቱን ሲቆረቁር ደሴቱ ከፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ነበር። ከእሱ በኋላ የነገሡት በጥሊሞሶች ከየብሱ እስከ ደሴቱ በድንጋይ ደልድለው መንገድ ሠሩ። ርዝመቱ በግሪኮች መለኪያ ሰባት ስታድዮን፣ በእኛ መለኪያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ። ይህ ድልድል ባሕሩን ለሁለት ወደብ ከፈለው። ከዚያም ሞገዱ በየዓመቱ የሚያመጣው አሸዋና ደለል በድልድሉ ግራና ቀኝ እየተከማቸ ሄደ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጠባቡ መንገድ ሰፊ መሬት ሆነ፤ ደሴቱም ደሴትነቱ ቀርቶ ባሕረ ገብ መሬት ሆነ። በዑስማንያ ቱርኮች ዘመን የከተማው ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በዚሁ ደለል በሠራው መሬት ላይ ነበር።

በደሴቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ በ280 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የመብራቱ ግንብ ቆመ። ቁመቱ ከ100 ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል። ሌሊት እሳት እየነደደበት መርከበኞችን ይመራ ነበር። ከጊዜ በኋላ የደሴቱ ስም ለግንቡ፣ የግንቡም ስም ለማንኛውም የባሕር መብራት ስም ሆነ። እስከ ዛሬ ጣሊያኖችና ስፓኞች የባሕር መብራትን ፋሮ፣ ፈረንሳዮች ፋር ይሉታል።

ሙስሊሞች በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ (642) በዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) መሪነት ከተማዪቱን ሲገቡ ግንቡ ገና ቆሞ ነበር። እነሱም መናራ ብለው ጠሩት። መናራ ማለት የብርሃን፣ የእሳት ቦታ ማለት ነው። የመስጊድ ሚናራ የምንለው ይኸው ቃል ነው። የመስጊድ ሚናራ ቅርጹን ከዚያ ግንብ ወርሷል የሚሉ ጸሐፊዎች ቢኖሩም ይህ አልተረጋገጠም። ቃሉ ግን አንድ መሆኑ አያከራክርም። አንዱ በባሕር ላይ ያለውን ሰው ከአለት ይጠብቀዋል፤ ሌላው በየብስ ላይ ያለውን ሰው ከመዘንጋት።

ግንቡ በተለያዩ የመሬት መንቀጥቀጦች ተጎዳ፤ ከሁሉ የከፋው በ1303 የደረሰው ነው። ዝነኛው ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር። በ1349 ሲመለስ ግን ፈጽሞ የማይገባበት ፍርስራሽ ሆኖ አገኘው። በዚያው ቦታ ላይ የመምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ ከ1477 ጀምሮ ምሽግ አስገነባ፤ ምሽጉ ዛሬም አለ። በ1994 ደግሞ የፈረንሳይ የቅርስ ተመራማሪዎች ከምሽጉ አጠገብ ከባሕር ወለል ላይ ግዙፍ የግንብ ድንጋዮችንና ሐውልቶችን አገኙ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድንጋዩ ባሕር ውስጥ ገብቷል፤ ቃሉ ግን በእኛ አንደበት ላይ ነው።

ከመርከብ አደጋ የተረፉት ሼኽ

በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ አንፉሺ በሚባለው ሰፈር፣ የእስክንድርያ ሕዝብ እጅግ የሚወደው መስጊድ ይገኛል፤ የአቡል ዐባስ አል-ሙርሲ መስጊድ ነው። ሼኹ (ረሒመሁላህ) በ616 ዓመተ ሂጅራ (1219) በአንደሉስ፣ ሙርሲያ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከወላጆቻቸውና ከወንድማቸው ጋር ለሐጅ በመርከብ ሲጓዙ መርከቧ ተሰበረች፤ ወላጆቻቸው ሰጠሙ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተርፈው ቱኒስ ገቡ። እዚያ ከሼኽ አቡል ሐሰን አሽ-ሻዚሊ ጋር ተገናኙ፤ በ642 ዓመተ ሂጅራ (1244) አብረዋቸው እስክንድርያ መጡ። አሽ-ሻዚሊ በ656 ዓመተ ሂጅራ (1258) ወደ ሐጅ ሲጓዙ በግብጽ ምሥራቃዊ በረሃ ሲያርፉ፣ አል-ሙርሲ ቦታቸውን ተክተው ማስተማሩን ቀጠሉ። በ686 ዓመተ ሂጅራ (1287) እስከሞቱበት ቀን ድረስ በዚያች ከተማ ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል።

መጽሐፍ አልጻፉም። የተዉት ተማሪዎችን ነው። አንዱ ኢብን ዐጣኢላህ አል-እስክንደሪ ናቸው፤ አል-ሒከም የተባለውን ኪታብ የጻፉ፣ የሼኻቸውንም ታሪክ ለጧኢፉል ሚነን በተባለው ኪታብ የመዘገቡ። ሌላው ኢማም አል-ቡሲሪ ናቸው። እንደሚነገረው አል-ቡሲሪ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ሳለ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያወድስ ረዥም ግጥም ገጠሙ፤ ከዚያም በሕልማቸው ነቢዩ ካባቸውን ሲደርቡላቸው አይተው ድነው ተነሡ። ቡርዳ ማለት ካባ ማለት ነው። ይህ ግጥም በአገራችን መድረሳዎችና በመውሊድ መድረኮች ስንት ትውልድ እንደተቀራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የአል-ቡሲሪ መስጊድ ከሼኻቸው መስጊድ አጠገብ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አል-ሙርሲ ማለት «የሙርሲያው ሰው» ማለት ነው፤ አል-ቡሲሪ «የቡሲሩ ሰው» ማለት ነው። እኛም የዳናው ሼኽ፣ የሾንኬው ሼኽ፣ የገታው ሼኽ እንላለን። መጀመሪያ ቦታው ለሰውየው ስም ይሰጣል። ሰውየው በዕውቀቱና በአገልግሎቱ ቦታውን ካገለገለ ደግሞ ዞሮ እሱ ለቦታው ስም ይሆናል። ወላጆቹን ባሕር የወሰደበት እንግዳ የአንድ ታላቅ ከተማ መጠሪያ ሆነ። ይህን ስል በቀብር ዙሪያ ዑለማእ ባላቸው ክርክር ውስጥ ለመግባት አይደለም፤ የማወራው ስለ ስምና ስለ ታሪክ ብቻ ነው።

መስጊዱን ማን እንደሠራውስ ታውቃላችሁ? ሼኹ ካረፉ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1307፣ ዘይኑዲን ኢብኑል ቀጣን የተባሉ የእስክንድርያ ባለጸጋ ነጋዴ በራሳቸው ገንዘብ መስጊድ ከነ ሚናራው አሠሩ። ዛሬ የሚታየውን አራት ጉልላት ያለው ታላቅ ሕንጻ ደግሞ ኋላ የሰለመው ጣሊያናዊው አርክቴክት ማሪዮ ሮሲ ነደፈው፤ ሥራው በ1920ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1940ዎቹ ተጠናቀቀ። ሁለቱም ውለታቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ማንም «የኢብኑል ቀጣን መስጊድ» ወይም «የሮሲ መስጊድ» አላለም። ገንዘብ ያወጡት ነጋዴም ስማቸው በታሪክ መዝገብ ሰፍሯል፤ መስጊዱ ግን የመምህሩ ሆነ።

ሦስት ስንብት በአንድ ባሕር ዳር

አሁን ወደ ምዕራቡ ጫፍ፣ በለሶቹ ወደነበሩበት እንሂድ። በ1805 የግብጽን ሥልጣን የያዘው ሙሐመድ ዐሊ በ1834 በዚህ ቦታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ። በአቅራቢያው የመርከብ መሥሪያ አቋቋመ፤ ከዚያ በፊትም የናይልን ውኃ እስከ ከተማዪቱ የሚያመጣ ቦይ አስቆፍሮ ነበር፤ የደከመችውንም ከተማ እንደገና አስነሣ። ቤተ መንግሥቱ የንጉሥ ስም አልወጣለትም፤ ራስ አት-ቲን ቤተ መንግሥት ተባለ። ሙሐመድ ዐሊ ነሐሴ 2 ቀን 1849 በዚሁ ቤት ውስጥ አረፈ። ይህ የመጀመሪያው ስንብት ነው።

ሁለተኛው የልጅ ልጁ የኸዲቭ ኢስማዒል ነው። ኢስማዒል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጋውን ጦር የላከው እሱ ነው። ጦርነቱ፣ ቦዩ፣ ሕንጻው፣ ድግሱ ተደማምሮ አገሩን በዕዳ አሰጠመ። በሰኔ 1879 ከሥልጣን ወርዶ ከእስክንድርያ ወደብ አል-ማሕሩሳ በተባለችው መርከብ ተሳፍሮ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1882፣ የእንግሊዝ መርከቦች የራስ አት-ቲንንና የቃይትባይን ምሽጎች ሲደበድቡ ከተማዪቱ በእሳት ጋየች፤ እንግሊዞችም ግብጽን ያዙ።

ሦስተኛው ስንብት የንጉሥ ፋሩቅ ነው። ነጻ መኮንኖች ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 26 ቀን 1952፣ ፋሩቅ በራስ አት-ቲን ቤተ መንግሥት ውስጥ የስልጣን መልቀቂያውን ፈረመ። በዚያው ቀን ማታ በዚያችው አያቱን በወሰደችው በአል-ማሕሩሳ ተሳፍሮ ሄደ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። በ1965 ሮም ውስጥ ሞተ። የቤቱ መሥራች የሞተበት ስፍራ የቤቱ መንግሥት የተቋጨበት ስፍራ ሆነ።

ቦታው ግን ከሙሐመድ ዐሊ በፊት ራስ አት-ቲን ይባል ነበር፤ ከፋሩቅ በኋላም ራስ አት-ቲን ይባላል። በለሶቹ ለቤትና ለምሽግ ቦታ ለቅቀዋል፤ ስማቸው ግን ከነገሥታቱ በላይ ኖረ።

በአንደበት የሚኖር ስም

በዚህ የምድር ጫፍ ላይ ያሉት ሌሎች ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ራስ አት-ቲን ያለበት የከተማው ክፍል አል-ጉምሩክ ይባላል። እኛ ጉምሩክ የምንለው ራሱ ነው፤ ከቱርክ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ፣ ወደ እኛም የመጣ። ስንት ሐማል ጀርባውን ያጎበጠበት፣ ስንት ነጋዴ ወረፋ የጠበቀበት የቀረጥ ቤት ለሰፈሩ ስም ሰጠ። ከዚያ አለፍ ብሎ ደግሞ ባሕሪ የሚባል ሰፈር አለ። ግብጾች ባሕር በሰሜናቸው ስለሆነ ሰሜንን ባሕሪ፣ ደቡብን ደግሞ ቂብላቸው ወደዚያ ስለሚያደላ ቂብሊ ይላሉ። በዚህ ላይ የምንገረምበት ነገር አለ፤ ለእኛ መካ በሰሜን ነው። እነሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ እኛ ወደ ሰሜን ዞረን አንዱን ካዕባ እንቀበላለን። ስም የሚወጣው ሰው ከቆመበት ቦታ ነው።

እንግዲህ የዚያን ባሕር ዳር ስሞች ደምሩ፦ በለስ፣ ጉምሩክ፣ ባሕር፣ መናራ፣ ስደተኛው ሼኽ። ያበላ፣ ያሠራ፣ የመራ፣ ያስተማረ ነገር ሁሉ ስሙ ቀርቷል። በአዋጅና በጽላት የተለጠፈ አንድም የለባቸውም።

ወደ ሾላችን እንመለስ

ይህን ሁሉ ያልኩት ለምን እንደሆነ አሁን ልናገር። መስጊዳችን ከመሠራቱ በፊት አባቶቻችን የሚሰግዱት በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር እንደነበር ታውቃላችሁ። በዚህ የተነሣ ሰፈሩም መስጊዱም «ሾላው ሥር» ሲባል ኖሯል። የአዲሱ ሕንጻ መሠረት ሲቆፈር ሾላው ተቆረጠ። እንዲቆረጥ ከተስማሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሥሩ ለግድግዳው አስጊ ነው ተብለን ነበርና።

ሕንጻው ተጠናቅቆ ሚናራችን ሲቆም፣ አዲስ ስም ይውጣለት የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቀረበ። ከፍተኛውን ገንዘብ በረዱት በጎ አድራጊ ስም ይሰየም ተባለ። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ይህን አልጠየቁም፤ ያመጣነው እኛው ነን። እጃቸውን ካወጡት መካከል እኔም ነበርኩ። «ሾላው ሥር» የሚለው ስም ለትልቅ መስጊድ የማይመጥን፣ የድሮ ድህነታችንን የሚያስታውስ መስሎኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ አንዲት አዛውንት እናት በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። «ሼሃችን፣ ባለቤቴም ወንድሞቼም የሰገዱት ሾላው ሥር ነው። ስሙን ካጠፋችሁት የእነሱ ሰላት የት ነበር ልንል ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። «እናቴ፣ እናስብበታለን» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የራስ አት-ቲንን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ የእኚያ እናት ጥያቄ መልሱን አገኘ። ዛፉን ቆርጠናል፤ እሱን መመለስ አንችልም። ስሙን ከቆረጥነው ግን ያ ዛፍ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ ከሥሩ የሰገዱትም፣ ዝናብ እየመታቸው ለልጆቻቸው ቁርኣን ያስቀሩትም አብረውት ይረሳሉ። በጎ አድራጊያችንን አላህ ይመንዳቸው፤ ውለታቸው ከአላህ ዘንድ አይጠፋም፤ እሱ ዘንድ የተመዘገበ ሥራ ደግሞ ከበር ላይ የሚሰቀል ጽላት አያስፈልገውም። ኢብኑል ቀጣን መስጊድ ሠርተው በመምህሩ ስም ሲጠራ ምንም አልጎደለባቸውም።

ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ላይ ያወጣሁትን እጄን በዚህ ጽሑፍ አወርዳለሁ። ኮሚቴውም ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ስሙ «ሾላው ሥር» እንዳለ ይቆይ። የረዱን ሁሉ፣ ሺህ የሰጡትም፣ አንድ ቀን ድንጋይ ያቀበሉትም፣ በአንድ መዝገብ ይጻፉና በየዓመቱ ዱዓእ ይደረግላቸው። በዉዱእ ማድረጊያው በኩል ከግድግዳው ራቅ ያለ ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ የሾላ ችግኝ እንትከል። እናንተም አባቶችና እናቶች፣ ሾላው ሥር የሰገዱትን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ስማቸውን ለልጆቻችሁ አስጽፋችሁ አምጡልን። ለሚቀጥለው መጽሔት የምጽፈው እሱን ነው።

አላህ የአባቶቻችንን ሥራ ይቀበል፤ ለልጆቻችንም የምናወርሰውን ስም ያማረ ያድርገው። አሚን።